ቻርጅ አልቀበል ያለ የድሪል ባትሪና ጥገናው በወሎ

በደሴ፣ በኮምቦልቻና በወልድያ ገመድ አልባ ድሪል የአሉሚኒየም ሠሪውም፣ የጂፕሰም ሠራተኛውም፣ የአናጢውም ዕቃ ሆኗል። መብራት ቢጠፋም ሥራ አይቆምም። ጣጣው ባትሪው ላይ ነው። አንድ ቀን ሲሰኩት ቻርጀሩ ቀይና አረንጓዴ እያብለጨለጨ እምቢ ይላል። ያኔ ዕቃው ወደ ኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ ይሄዳል። ባለቤቱ "ሞቷል" ይላል፤ ተከፍቶ ሲለካ ግን ብዙ ጊዜ የታመመው ከውስጡ ካሉት ትንንሽ ባትሪዎች (ሴሎች) አንዱ ብቻ ነው።

የተለመደው 18 ቮልት ባትሪ ውስጥ 5 ሴሎች በተከታታይ ተያይዘዋል። በብዛት የሚገኘው ሴል 18650 ይባላል፤ 18 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ 65 ሚሊ ሜትር ርዝመት አለው። አንዱ ሴል 3.6 ቮልት ገደማ ነው፣ ጢም ብሎ ሲሞላ 4.2 ይደርሳል። ስለዚህ 18፣ 20 ወይም 21 ቮልት ተብሎ የሚሸጠው ባብዛኛው ያው አንድ ነገር ነው። ርካሾቹ ላይ የሚለጠፈው "88 ቮልት"፣ "128 ቮልት" ግን ዝም ብሎ ጌጥ ነው።

ጎበዝ ጠጋኝ ሴል ከመንካቱ በፊት ቀላል ቀላሉን ያያል። ቻርጀሩን በሌላ ባትሪ ይሞክራል። መገናኛ ብረቶቹ ላይ የተጋገረውን የጂፕሰም አቧራ ይጠርጋል። ሙቀት የምትለካዋ ቀጭን ሽቦ ተበጥሳ እንደሆነም ይፈትሻል፤ እሷ ከሌለች ብዙ ቻርጀር አይሞላም። የደላንታ ዓይነት ደጋ ላይ ደግሞ ውርጭ ያደረበት ባትሪ ጠዋት አልሞላም ቢል ብልሽት ላይሆን ይችላል። ሊትየም ባትሪ ከ0 ዲግሪ በታች ቻርጅ መደረግ የለበትም። ቤት ገብቶ ይሙቅ።

ይህ ሁሉ ደህና ከሆነ ብሎኖቹ ይፈታሉ፣ ቴስተር ይወጣል። አራቱ ሴሎች 3.5 ቮልት ሲያሳዩ አምስተኛው 1.9 ላይ ተኝቶ ይገኛል። ቻርጀሩ የሸሸው እሱን ነው። ክረምት ሥራ ሲቀዘቅዝ ባዶውን መደርደሪያ ላይ የተረሳ ባትሪ እንዲህ ይሆናል፤ ውስጡ ያለው የኤሌክትሮኒክስ ቦርድም በበኩሉ ትንሽ ትንሽ ይጠጣዋል።

ትንሽ ብቻ የወረደ ሴል ለብቻው፣ በአነስተኛ ከረንት፣ እየታየ 3 ቮልት እስኪደርስ ሊነሳ ይችላል። ከ1 ቮልት በታች ብዙ የቆየውን ግን መተው ነው። ውስጡ ያለው መዳብ ይሟሟና ሲሞላ እዚያው ተመልሶ ይጋገራል፤ ከዚያ ሾርት፣ ከዚያም እሳት ሊመጣ ይችላል። በሁለት ሽቦ ከደህና ባትሪ እየነኩ "ማስነሳት" የሚባለውም ዘዴ አንዳንዴ ይሠራል። ከረንቱን የሚገታው ነገር ስለሌለ ግን ባይለመድ ይሻላል።

ዋናው ክርክር የሚነሳው ሴል ሲቀየር ነው። "ወንድምዓለም፣ የላፕቶፕ ይሁንልህ ወይስ አዲስ?" ይላል ጠጋኙ። የላፕቶፕ ሴል መጠኑ ልክ ነው፣ ዋጋውም ቀላል ነው። ነገር ግን ላፕቶፕ የሚስበው ትንሽ ከረንት ነው፤ ድሪል ኮንክሪት ሲበሳ 20 አምፒርና ከዚያም በላይ ሊስብ ይችላል። የላፕቶፑ ሴል ይግላል፣ ጉልበቱም ወዲያው ይወርዳል። ለብሎን ማሰሪያ ያገለግል ይሆናል፣ ለግራይንደር ግን በፍጹም። የመያዝ አቅሙ "9900 ሚሊ አምፒር አወር" የሚል ከታየበትም አይገዛ፤ ጥሩ የሚባለው 18650 እንኳ 3500 አካባቢ ነው። እጅ ላይ መዘን ማድረግም ይረዳል፦ እውነተኛው 45 ግራም ገደማ ስለሆነ ከበድ ይላል።

አያያዙም ራሱን የቻለ ሙያ ነው። የኤሌክትሮኒክስ መበየጃው ካውያ ሴሉ ላይ ሲቆይ ሙቀቱ ውስጡን ይጎዳል። ትክክለኛው ሴሎቹን የሚያገናኘውን ስስ የኒኬል ቅጠል በስፖት ዌልደር (ነጥብ በነጥብ በሚበይድ ማሽን) መምታት ነው፤ ማሽኑ የሌለው ጠጋኝ ቅጠሉ ቀድሞ የተበየደበትን ሴል ገዝቶ ካውያውን ቅጠሉ ላይ ብቻ ያሳርፋል። አዲሱ ሴል ከመታሰሩ በፊት ቮልቱ ከሌሎቹ ጋር መስተካከል አለበት፣ አለዚያ ያው በሽታ ቶሎ ይመለሳል።

በየመጋዘኑ የሚገኙት አሮጌ የኒኬል ካድሚየም ባትሪዎች ሌላ ዓለም ናቸው። ሴላቸው 1.2 ቮልት ስለሆነ ለ18 ቮልት 15 ያስፈልጋል፣ አንዱ ሲቀየር ሌላው ይከተላል። ጥገናቸው እምብዛም አያዋጣም። ካድሚየም መርዝ ነውና ቦርከና ወንዝ ዳር መጣል ግን የለባቸውም።