ብግነት ምንድን ነው? ለጡት ካንሰርስ እንዴት ይመቸዋል?

ጣት ሲቆረጥ ቦታው ይቀላል፣ ይሞቃል፣ ያብጣል፣ ያማል። ብግነት ይህ ነው። ነጭ የደም ሕዋሳት ጀርም ለመግደልና የተጎዳውን ለመጠገን ይደርሳሉ፤ ሥራቸውን ሲጨርሱም ይበተናሉ። ጣጣው ሳይበተኑ የቀሩ እንደሆነ ነው። አሜሪካዊው ፓቶሎጂስት ሃሮልድ ድቮራክ በ1986 እ.ኤ.አ. ዕጢን ከማይሽር ቁስል ጋር ያመሳሰሉት ያለ ነገር አይደለም።

ጡት ውስጥ ይህ ጎልቶ የሚታየው ስቡ ላይ ነው። ውፍረት ሲበዛ የስብ ሕዋስ ከልክ በላይ ይለጠጥና ይሞታል። ማክሮፌጅ የሚባሉ ጠራጊ ሕዋሳት መጥተው ይከቡታል። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ነጭ ባዶ ክብ፣ ዙሪያውን ደግሞ ሐምራዊ ነጥቦች እንደ ዘውድ ተደርድረው ነው። እነዚህ ማክሮፌጆች የሚረጩት ብግነት ቀስቃሽ ኬሚካሎች (ኢንተርሉኪን-6፣ ቲኤንኤፍ-አልፋና ፕሮስታግላንዲን ኢ2) በአካባቢው ያለው ስብ አሮማቴዝ የተባለውን ኢንዛይም አብዝቶ እንዲያመርት ያነሳሱታል። አሮማቴዝ ደግሞ አንድሮጅን የተባለውን ሆርሞን ኢስትሮጅን ወደተባለው የሴት ሆርሞን ይለውጣል። እንግዲህ ያረጠች ሴት ኦቫሪዋ ኢስትሮጅን ማምረት ቢያቆምም የጡቷ ስብ ማምረቱን ይቀጥላል፤ በኢስትሮጅን የሚያድግ ካንሰር ካለ እዚያው አጠገቡ ቀለቡን ያገኛል። ከማረጥ በኋላ የሚመጣ ውፍረት ለዚህ ዓይነቱ ካንሰር ከሚያጋልጡ ነገሮች አንዱ የሆነበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ዕጢው ከተፈጠረ በኋላም ማክሮፌጅን ለራሱ ያሠራዋል። የካንሰር ሕዋስ ሲኤስኤፍ-1 በተባለ ፕሮቲን ይጠራዋል፤ ማክሮፌጁም ኢጂኤፍ የተባለ የእድገት ፕሮቲን ይመልስለታል። እንዲህ እየተጠራሩ ወደ ደም ስር ይጠጋሉ፤ ካንሰሩም በዚያ በኩል ወደ ሌላ አካል ይሻገራል። አዲስ የደም ስር እንዲበቅልና ካንሰርን የሚዋጉት ቲ-ሴሎች የተባሉ ነጭ የደም ሕዋሳት እንዲዳከሙ የሚያግዘውም ይኸው ማክሮፌጅ ነው።

«ታዲያ የብግነት መድኃኒት ብወስድስ?» የሚሉ ብዙ ናቸው። አስፕሪን በደንብ ተሞክሯል። ከ3,000 በላይ የጡት ካንሰር ታማሚዎች የተሳተፉበት፣ በ2024 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በቀን 300 ሚሊግራም መውሰድ ካንሰሩ እንዳይመለስ እንደማይረዳ አሳይቷል። ስለዚህ ለዚህ ብላችሁ በራሳችሁ አትጀምሩት፤ ጨጓራን ያደማል።

«ብግነታዊ የጡት ካንሰር» የሚባለው ግን ሌላ ነው፤ ስሙ ያሳስታል። እዚያ ጡቱን የሚያሳብጠው የካንሰር ሕዋስ የቆዳውን የሊምፍ ቧንቧ ሲደፍን ነው። ብዙ ጊዜ ጡቱ ውስጥ በእጅ የሚዳሰስ ዕጢ አይገኝም። ቆዳው እንደ ብርቱካን ልጣጭ ይጎደጉዳል፤ ጠይም ወይም ጥቁር ቆዳ ላይ መቅላቱ ስለማይጎላ ጡቱ ከወትሮው መጥቆሩን፣ ከሌላኛው ይልቅ መሞቁንና መክበዱን ማየት ይሻላል። ኢንፌክሽን ነው ተብሎ አንቲባዮቲክ ታዞ ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ለውጥ ካልመጣ፣ ሌላ አንቲባዮቲክ ከመቀየር ይልቅ የጡት ምርመራና የቆዳ ባዮፕሲ (ከቆዳው ናሙና ተወስዶ የሚደረግ ምርመራ) ጠይቁ።