የከተማ አስተዳደርና የሰፈር ነዋሪዎች ተሳትፎ

የሰፈር ነዋሪዎች ተሳትፎ የሚባለው ነዋሪዎች በአካባቢያቸው መንገድ፣ የውሃ መስመር፣ መናፈሻ፣ ጽዳትና ጸጥታ ጉዳይ ከከተማው አስተዳደር ጋር የሚመክሩበት፣ የሚወስኑበትና አብረው የሚሠሩበት አሠራር ነው። ምርጫ በየጥቂት ዓመቱ አንዴ ይመጣል፤ የተደፈነ ቦይ ግን ዝናብ በጣለ ቁጥር ይገነፍላል። በሁለት ምርጫዎች መካከል ነዋሪው ድምፁን የሚያሰማው በምን መንገድ ነው የሚለው ጥያቄ ስለዚህ የትኛውም ከተማ ላይ ይነሳል።

በዘርፉ ደጋግሞ የሚጠቀሰው አሜሪካዊቷ ሼሪ አርንስታይን እ.ኤ.አ. በ1969 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ያወጡት ጽሑፍ ነው። አርንስታይን ተሳትፎን ስምንት እርከን ባለው መሰላል መሰሉት። የታችኞቹ ሁለት እርከኖች በስም ብቻ ተሳትፎ ናቸው፤ ነዋሪውን ከማባበል አያልፉም። መካከለኞቹ ሦስቱ ማሳወቅ፣ ማማከርና ጥቂት ሰዎችን ኮሚቴ ውስጥ አስገብቶ ቅሬታን ማስታገስ ናቸው። ሥልጣን በእርግጥ ወደ ነዋሪው እጅ የሚገባው በላይኞቹ ሦስት ላይ ብቻ ነው። አብዛኛው የከተማ ስብሰባ ከመካከለኞቹ አይዘልም። ዕቅዱ ካለቀና ተቋራጩ ከተቀጠረ በኋላ ሕዝብ ጠርቶ «አስተያየት ስጡ» ይባላል። ነዋሪውም የይስሙላ ስብሰባ መሆኑን ለማወቅ ብዙ ጊዜ አይፈጅበትም፤ በሚቀጥለው ሲጠራ ይቀራል፣ ከዚያም «ሕዝቡ ግድ የለውም» የሚል ሪፖርት ይጻፋል።

ሥልጣን በማካፈል ረገድ ስሟ ቀድሞ የሚነሳው የብራዚሏ ፖርቶ አሌግሬ ናት። የሠራተኞች ፓርቲ የከንቲባነቱን ወንበር ሲይዝ እ.ኤ.አ. በ1989 አሳታፊ በጀት ተጀመረ። ከተማዋ በ16 ቀጠናዎች ተከፈለች፤ ነዋሪዎች በየዓመቱ በየቀጠናቸው ተሰብስበው የትኛው ሥራ እንደሚቀድም ይወስኑ ነበር። የተወካዮች ቁጥር በተሰብሳቢው ብዛት ስለሚወሰን ጎረቤቱን አስተባብሮ የመጣ ሰፈር ብዙ ተወካይ ያገኛል። ገንዘቡ ሲደለደል ግን ጩኸት ብቻ አይበቃም፤ የሕዝብ ብዛትና የአገልግሎት ጉድለትም ነጥብ አላቸው። በዚህ ስሌት አስፋልት ያልደረሰው ሰፈር አስፋልት ካለው ይቀድማል።

ከዚህ ታሪክ ይበልጥ የሚያስተምረው አጀማመሩ ነው። ካዝናው ባዶ ስለነበር መጀመሪያ ላይ የተመረጡት ሥራዎች በብዛት ሳይሠሩ ቀሩ፤ በቀጣዩ ዓመት የመጣው ሰውም አነሰ። አስተዳደሩ የንብረት ግብሩን አሻሽሎ ገቢው ሲያድግ፣ የፍሳሽ መስመሩና መንገዱ በዓይን ሲታይ ሰው ተመለሰ፤ ከዓመታት በኋላ ተሰብሳቢው ከአሥር ሺህ በላይ ሆነ። ያመጣቸው ቅስቀሳ ሳይሆን የተዘረጋው ቱቦ ነው ማለት ይቻላል። ሆኖም አሠራሩ በከንቲባዎች በጎ ፈቃድ ላይ የቆመ ስለነበር ከንቲባ ሲለወጥ እየላላ ሄዶ በ2017 ተቋረጠ። ፔሩ በ2003 አሳታፊ በጀትን በሕግ ግዴታ አደረገች። ፖላንድም በ2018 ትልልቅ ከተሞቿ ከወጪያቸው ቢያንስ ግማሽ በመቶውን ለዚሁ እንዲመድቡ ደነገገች።

በአሜሪካ የሲያትል መንገድ ከዚህ ይለያል። ከተማዋ በ1988 የሰፈሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ካቋቋመች በኋላ ነዋሪዎች ለሚያቀርቡት ፕሮጀክት ተጓዳኝ ገንዘብ፣ ማለትም ነዋሪው ባዋጣው ላይ የሚጨመር ገንዘብ፣ መስጠት ጀመረች። የነዋሪው ድርሻ ጥሬ ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ የተለገሰ ቁሳቁስ፣ የባለሙያ አገልግሎትና የጉልበት ሰዓት ሁሉ በዋጋ ይተመናል። የልጆች መጫወቻ ለመሥራት አካፋ ይዞ የወጣ ሰው ስሙንና የሠራበትን ሰዓት መዝገብ ላይ ያሰፍራል፤ ያ ሰዓት በገንዘብ ተመንዝሮ የሰፈሩ መዋጮ ይሆናል። ኪሱ ለሳሳ ሰፈር ጥሩ መላ ነው፤ ግን ሁለት ሥራ ለሚሠራ ሰው ትርፍ ሰዓት ከገንዘብም ሊከብድ ይችላል።

ማን ነው የሚመጣው የሚለው ችግር ያችኑ ሲያትልን አግኝቷታል። በ2016 የወቅቱ ከንቲባ ኤድ መሬይ ከተማዋ የሰፈር ማኅበራት ተወካዮች ከሚሰበሰቡባቸው የወረዳ ምክር ቤቶች ጋር የነበራትን ይፋዊ ግንኙነት አቋረጡ፤ ምክንያታቸው አባላቱ በብዛት በዕድሜ የገፉ፣ ነጭና የቤት ባለቤት የሆኑ በመሆናቸው ተከራዩን፣ ወጣቱንና ስደተኛውን አይወክሉም የሚል ነበር። ለዚህ መፍትሔ የሚሆኑት ነገሮች ተራ ይመስላሉ፦ ስብሰባውን ከሥራ ሰዓት ውጪ ማድረግ፣ አስተርጓሚ ማቅረብ፣ ልጆችን የሚጠብቅ ሰው ማዘጋጀት፣ ተሳታፊውን በዕጣ መምረጥ። ፓሪስ በ2014 በጀመረችው አሳታፊ በጀት ዜግነትና ዕድሜ ሳይለይ ነዋሪ የሆነ ሁሉ ድምፅ እንዲሰጥ ፈቅዳለች።

ቴክኖሎጂ የሚያግዘው ጠባብ ቦታ ላይ ነው። በብሪታንያ በ2007 የተጀመረው ፊክስማይስትሪት የተባለ ድረ ገጽ ነዋሪው የተበላሸ መንገድ ወይም የጠፋ መብራት በካርታ ላይ እንዲጠቁም ያስችላል። ጥቆማውን ሌላውም ሰው ስለሚያየው መልስ ያጣ አቤቱታ አደባባይ ላይ ይቀራል። እንዲህ ያለው መድረክ ግን ጉድጓዱን ያስደፍን እንደሆን እንጂ በጀቱ ለየትኛው ሰፈር ይቅደም የሚለውን አይፈታም።

የጣሊያኗ ቦሎኛ ደግሞ በ2014 ነዋሪዎች የጋራ ቦታዎችን ከከተማው ጋር ሆነው የሚንከባከቡበትን ደንብ አወጣች። ግድግዳ ለማደስ ወይም አደባባይ ለመንከባከብ የሚፈልግ ቡድን ከማዘጋጃ ቤቱ ጋር ስምምነት ይፈራረማል፤ ቁሳቁሱን ማን እንደሚያቀርብ፣ ሥራው እስከ መቼ እንደሚቆይና ኃላፊነቱ የማን እንደሆነ በጽሑፍ ይሰፍራል።