ስለ ኪውአር ኮድ መምህራን ዘንድ የሚወሩ ስህተቶች

ኪውአር ኮድን ሱቅ ስንከፍል ለምደነዋል። ክፍል ውስጥ ለማስገባት ሲታሰብ ግን መምህራን ደጋግመው የሚያነሷቸው ምክንያቶች አሉ፣ አብዛኞቹም ልክ አይደሉም። ደህና መሣሪያ በነሱ ሰበብ ሲቀር ያሳዝነኛል።

«ኢንተርኔት ከሌለ አይሠራም»

በጣም የተስፋፋው ይሄ ነው። ኮዱ በነጠብጣብ የተጻፈ ጽሑፍ ነው፣ ሌላ ነገር የለውም። ሊንክ ካስገባችሁበት ሊንኩን ለመክፈት ዳታ ያስፈልጋል። ጽሑፍ ብቻ ካስገባችሁበት ግን ዳታው ጠፍቶም ይነበባል። የሒሳብ መምህር የቤት ሥራው ወረቀት ግርጌ ላይ የአሠራሩን ደረጃዎች የያዘ ኮድ ቢያትም፣ ተማሪው ሠርቶ ሲጨርስ በእናቱ ወይም በአባቱ ስልክ ከፍቶ ራሱን ያርማል፣ ሳንቲም አያወጣም። አንዳንድ ስልክ ጽሑፉን ከማሳየት ይልቅ ኢንተርኔት ላይ ልፈልገው ስለሚል ግን በነጻ የሚገኝ የኮድ ማንበቢያ አፕ ቢጫን ይሻላል።

የሚይዘው ጽሑፍ ግን ገደብ አለው። ትልቁ ኮድ የሚይዘው 2,953 ባይት (የመረጃ መጠን መለኪያ) ነው፤ አንድ የአማርኛ ፊደል ደግሞ 3 ባይት ይወስዳል፣ ስለዚህ ከ980 ፊደል ብዙም አያልፍም። እስከዚያ አትሙሉት! ጽሑፉ በበዛ ቁጥር ነጠብጣቦቹ ይደቃሉ፣ የደበዘዘ ፎቶ ኮፒ ላይ ደግሞ ካሜራው አይለያቸውም። ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር ይበቃል።

«ጊዜው ያልፍበታል፣ ክፍያም አለው»

ዴንሶ ዌቭ የሚባል የጃፓን ኩባንያ በ1994 እ.ኤ.አ. የመኪና ዕቃዎችን ለመከታተል ሠራው፣ ከዚያም ማንም በነጻ እንዲጠቀምበት ፈቀደ። ኮዱ ራሱ አያረጅም። ጊዜው የሚያልፈው አንዳንድ ድረ ገጾች የሚሰጡት «ዳይናሚክ» የሚባለው ዓይነት ነው። እሱ ውስጥ ያለው የናንተ ሊንክ ሳይሆን የነሱ ነው፣ ስካን ሲደረግ በነሱ በኩል አልፎ ወደ እናንተ ይመጣል፣ የነጻ ሙከራው ሲያልቅ መንገዱን ሊዘጉት ይችላሉ፤ ያኔ ያባዛችሁት ወረቀት ሁሉ ከንቱ ነው። «ስታቲክ» የሚለውን ምረጡ። ለማጣራት ስካን አድርጉና ከመክፈታችሁ በፊት አድራሻውን እዩት። የማታውቁት አድራሻ ከመጣ ተዉት።

«ተማሪው ሁሉ ስልክ ያስፈልገዋል»

አያስፈልገውም። ፕሊከርስ የሚባለውን አፕ ሞክሩት። ኪውአር ኮድ የሚመስል ምልክት ያለው የወረቀት ካርድ ለየተማሪው ይታደላል፣ መልሱ እንደ ካርዱ አያያዝ ይለያል፣ መምህሯ ፊት ለፊት ቆማ በአንድ ስልክ ክፍሉን ስትቃኝ ማን ምን እንደመለሰ ይመጣላታል። ከኋላ የሚቀመጠው ዝምተኛ ልጅም እጅ ሳያወጣ ይመልሳል። እኔ ከሁሉም የምወደው ይሄንን ነው።

«ትንሽ ከተበላሸ አለቀለት»

ኮዱ ሲሠራ ከፍተኛው የስህተት ማረሚያ ደረጃ (የጎደለውን ከቀረው ክፍል የሚሞላበት አቅም) ከተመረጠ እስከ 30 በመቶው ቢጎዳም ይነበባል። ሦስቱን የማዕዘን ካሬዎችና ዙሪያውን ያለውን ነጭ ክፍት ቦታ ግን አትንኩ።

«እኔ ስልክ ላይ ሠርቷል፣ በቃ»

እናንተ ስልክ ላይማ የጎግል አካውንታችሁ ክፍት ነው። በኮዱ የሚከፈተው ጎግል ድራይቭ ላይ ያስቀመጣችሁት ፋይል ለሌላ ሰው ካልተፈቀደ ተማሪው የሚያየው «ፈቃድ ይጠይቁ» የሚል ገጽ ነው። ሊንኩ ያለው ሁሉ እንዲያይ ፍቀዱ፣ ከዚያ ከመባዛቱ በፊት የሌላ ሰው ስልክ ላይ አንዴ ይሞከር።