ቲማቲም ላይ ቱታ ሲገባ የምንሳሳታቸው ነገሮች

መቂና ዝዋይ አካባቢ ቲማቲም የሚያለማ ሰው ቱታ አብሶሉታን በደንብ ያውቃታል፤ ትሏ የቲማቲም ቅጠልና ፍሬ የሚበላ ትንሽ የእሳት እራት ናት። መነሻዋ ደቡብ አሜሪካ ነው፤ እኛ ጋ የታየችው በ2012 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ ወዲህ ስለሷ ብዙ የተሳሳተ ነገር ይወራል፤ ገበሬው ደግሞ ገንዘቡንም ጤናውንም እየከፈለበት ነው።

«ካልሞተ የመድኃኒቱን መጠን ጨምር።» ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። የተጠቃ ቅጠል ቁረጡና ወደ ፀሐይ አንሱት። እንደ ስስ ላስቲክ የነጣ ቦታ ታያላችሁ፤ ውስጡ ትንሽ ትልና ጥቋቁር ኩስ አለ። ትሉ የተቀመጠው በቅጠሉ የላይና የታች ቆዳ መሃል ስለሆነ ከላይ የምትረጩት አብዛኛው አያገኘውም፤ ሲያገኘውም ደካሞቹን ይገድልና የተላመዱትን ይተዋል፣ እነሱ ይራባሉ፣ ሙቀት ባለበት ቦታ ወር ሳይሞላ ሌላ ትውልድ ይደርሳል። ሌላ ስም ያለው መድኃኒት መግዛትም ላያዋጣ ይችላል። የንግድ ስሙን ተዉትና በትንንሽ ፊደል የተጻፈውን የውህዱን ስም አንብቡ። አንዳንዴ ያው ራሱ ነው።

«ማሳ ላይ ያለ ነፍሳት ሁሉ ጠላት ነው።» እባካችሁ! ያቺ ጥቁር ነጠብጣብ ያላት ቀይ ጥንዚዛ ክሽክሽ የሚባለውን የተክል ጭማቂ መጣጭ ተባይ ትበላለች። ሁሉን የሚፈጅ ኬሚካል ስትረጩ ቀድማ የምታልቀው እሷ ናት፤ ክሽክሹ ግን ቶሎ ይመለሳል።

«ወጥመድ ከሰቀልኩ በቃኝ።» የሴቷን ሽታ አስመስሎ የተሠራው ወጥመድ የሚይዘው ወንዶቹን ነው። ትልቁ ጥቅሙ ተባዩ መግባቱንና እየበዛ መሆኑን መንገሩ ነው። ሰቅሎ መርሳት ዋጋ የለውም፣ እየሄዳችሁ ቁጠሩ።

«የተበላውን ፍሬ ዳር ላይ ጣለው።» ትሉ እዚያው ፍሬ ውስጥ ያድጋል፣ አፈር ውስጥ ገብቶ ይቆይና የእሳት እራት ሆኖ ወደ ማሳችሁ ይመለሳል። ለቅማችሁ ላስቲክ ከረጢት ውስጥ አጥብቃችሁ እሰሩና ፀሐይ ላይ አቆዩት፣ ወይም በጥልቀት ቅበሩት። ምርቱ ሲያልቅ ግንዱንም ንቀሉ። በቲማቲም ቦታ ድንች አትትከሉ፣ እሱንም ትበላለች። ሽንኩርት ወይም በቆሎ ይሻላል።

«ተፈጥሯዊ ከሆነ አይጎዳም።» የኒም ፍሬ ጭማቂ ጥሩ ነው፣ በተለይ ትሉ ገና ትንሽ ሳለ። ተዘፍዝፎ የሚረጭ ትምባሆ ግን ኒኮቲን አለው፤ በቆዳ ይገባል፣ ሰው ይመርዛል።

«ገዢው ያጥበዋል።» አንዳንዱ ኬሚካል ወደ ተክሉ ውስጥ ይዘልቃል፣ በውሃ አይወጣም። የመድኃኒቱ ዕቃ ላይ ከርጭት በኋላ ሰባት ቀን ቆዩ የሚል ከሆነ ሰባት ቀን ነው፣ የገበያ ዋጋ ቢጨምርም። ማታ ተረጭቶ ጠዋት የተለቀመውን ቲማቲም እኮ ሰው ቤቱ ወስዶ በሰላጣ፣ በጥሬው ነው የሚበላው።