የምርምር ሽልማትና የአቻ ግምገማ

የምርምር ሽልማት አንድ ሳይንሳዊ ሥራ ለዕውቀት ወይም ለሰው ኑሮ ያስገኘው ፋይዳ ተመዝኖ በሜዳልያና በገንዘብ ዕውቅና የሚያገኝበት ሥርዓት ነው። ከሽልማቱ በስተጀርባ የአቻ ግምገማ አለ፤ ይኸውም የአንድ ሙያ ሰዎች የባልደረባቸውን ሥራ አንብበው፣ ዘዴውንና ማስረጃውን ፈትሸው፣ ለጆርናል አርታኢ ወይም ለሸላሚ ኮሚቴ አስተያየታቸውን በጽሑፍ የሚያቀርቡበት አሠራር ነው። የሽልማት ክብር የሚመነጨው ከመዛኞቹ ብቃትና ሐቀኝነት ሆኖ ሳለ፣ መዛኞቹ ራሳቸው ዕውቅና ማግኘት የጀመሩት በቅርቡ ነው። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከሁሉ በላይ የሚታወቀው ከ1901 ጀምሮ የሚሰጠው የኖቤል ሽልማት ነው። ዕጩ መጠቆም የሚችሉት በደንቡ መብቱ የተሰጣቸው ሰዎች ብቻ ሲሆኑ፣ ጥቆማው ጃንዋሪ 31 ይዘጋል። ራስን መጠቆም አይፈቀድም፤ አንዱን ሽልማትም ከሦስት ሰው በላይ አይካፈለውም። የጠቋሚዎቹ ማንነትና የገምጋሚዎቹ ሪፖርት ለ50 ዓመት በምስጢር ይጠበቃል።

የቆዩት መዝገቦች ሲከፈቱ የአንድ ገምጋሚ ብዕር ምን ያህል እንደሚከብድ ታይቷል። አልበርት አንስታይን ለፊዚክስ ሽልማት በተደጋጋሚ ከተጠቆመ በኋላ፣ የአንጻራዊነት ንድፈ ሐሳቡን እንዲመረምር የተመደበው ስዊድናዊው የዓይን ሐኪም አልቫር ጉልስትራንድ ነበር። ጉልስትራንድ በ1911 የሕክምና ኖቤል የተሸለመ ትልቅ ምሁር ቢሆንም፣ ንድፈ ሐሳቡ ለሽልማት አይበቃም ብሎ ጻፈ፤ የ1921 የፊዚክስ ሽልማትም በዓመቱ ሳይሰጥ ቀረ። በ1922 ግን የኡፕሳላው የፊዚክስ ሊቅ ካርል ቪልሄልም ኦሴን ሌላ መንገድ አገኘ። በአንጻራዊነት ላይ መሟገቱን ትቶ፣ አንስታይን በ1905 ያቀረበውንና ከዚያ ወዲህ በሙከራ የተረጋገጠውን የፎቶ ኤሌክትሪክ ሕግ (ብርሃን ከብረት ላይ ኤሌክትሮኖችን የሚያወጣበትን ሕግ) ለብቻው አውጥቶ መዘነ። ተይዞ የቆየው የ1921 ሽልማት ለአንስታይን የተሰጠው በዚህ ሕግ ምክንያት ነው። ኮሚቴውን ከአጣብቂኝ ያወጣው ያ ሪፖርት ራሱ ሽልማት የሚገባው ሥራ ነበር።

የተሳሳተ ሽልማትም አለ። የ1926 የሕክምና ኖቤል ለዴንማርካዊው ዮሐንስ ፊቢገር የተሰጠው አንድ ጥገኛ ትል በአይጦች ጨጓራ ላይ ካንሰር ያመጣል በማለቱ ነበር፤ የኋላ ምርመራዎች ግን ይህን ድምዳሜ ውድቅ አድርገውታል። በ1915 የጥንቸል ጆሮ የድንጋይ ከሰል ሬንጅ ደጋግሞ በመቀባት ካንሰር ሊነሣ እንደሚችል ያሳየው ጃፓናዊው ካትሱሳቡሮ ያማጊዋ ግን፣ ግኝቱ እስከ ዛሬ ጸንቶ ሳለ፣ ኖቤልን ሳያገኝ አልፏል።

ለኢትዮጵያውያን ይበልጥ የሚቀርበው የእንዶድ ታሪክ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 በአድዋ ስለ ቢልሃርዝያ ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ በወንዙ ውስጥ ብዙ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቀንድ አውጣዎቹ በሽታውን የሚያዛምቱት ናቸውና፣ ገበሬው በደጁ ሊያበቅለው የሚችል ርካሽ መከላከያ ተገኘ ማለት ነበር። ሆኖም የውጭ ተቋማት የመርዛማነቱ ፍተሻ በእነሱ መስፈርት ካልተከናወነ አንቀበልም በማለታቸው ዓመታት ባከኑ። አክሊሉ የአፍሪካ ሳይንስ ችግር የገንዘብና የመሣሪያ እጥረት ብቻ ሳይሆን በበለጸጉት አገሮች ያለው አድልዎም ጭምር ነው ይሉ ነበር፤ የእንዶድ ጉዞም ይህን አቤቱታቸውን ይደግፋል። «አማራጭ ኖቤል» እየተባለ የሚጠራው የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ለእሳቸውና ለምርምር ባልደረባቸው ለለገሠ ወልደ ዮሐንስ የተሰጠው በ1989፣ ከግኝቱ 25 ዓመት በኋላ ነው። በዚያው ዓመት የአገር በቀል ዘር ጥበቃ ባለሙያው ዶክተር መላኩ ወረደም ተሸልመዋል።

የገምጋሚዎች ዕውቅና ታሪክ አጭር ነው። በ2012 የተመሠረተው ፐብሎንስ የተባለ ድርጅት ተመራማሪዎች የገመገሟቸውን ጽሑፎች እየመዘገበ ከ2016 ጀምሮ ሽልማት መስጠት ጀመረ፤ በኮምፒውተር ሳይንስም እንደ ኒውሪፕስ ያሉ ትልልቅ ጉባኤዎች ብርቱ ገምጋሚዎቻቸውን በስም ያመሰግናሉ። ችግሩ መለኪያው ላይ ነው። የግምገማ ብዛት በቀላሉ ይቆጠራል፤ ጥራቱ ግን የሚታወቀው ሪፖርቱ ሲነበብ ብቻ ነው። «ጥሩ ነው፣ ይታተም» የሚል አንድ መስመርና፣ በሠንጠረዡ ያለው ድምር ከጽሑፉ ጋር እንደማይገጥም፣ የትኛው የማነጻጸሪያ ሙከራ እንደጎደለ የሚያሳይ ሦስት ገጽ በቆጠራ እኩል ይያዛሉ። በዚያ ላይ ገምጋሚው በአብዛኛው ስሙ ስለሚሰወር፣ ሥራውን በአደባባይ ማወደስ አይቻልም፤ ጥራቱን መመስከር የሚችለው አርታኢው ነው። የብሪታንያው የሕክምና ጆርናል ቢኤምጄ በ1999 የገምጋሚዎችን ስም ለጸሐፊዎች መግለጽ የጀመረ ሲሆን፣ ሌሎች ጆርናሎች ደግሞ ስሙን ሰውረው ሪፖርቱን ብቻ ከጽሑፉ ጋር ያትማሉ። ሪፖርቱ ሲታተም ሌላው ተመራማሪ አንብቦ ሊፈርደው ስለሚችል፣ ለሽልማት የሚሆን ማስረጃ የሚገኘው በዚህ መንገድ ነው።