«ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ»፦ «ድንጋይ ነህ» የሚለው ማን ነው?

«ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ ያለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይጥሉሃል።» ይህ አባባል ዛሬ የሚዘወተረው በአለቆች አፍ ነው። ሠራተኛ ሲገሠጽ ወይም ተጫዋች ከቡድን ሊቀነስ ሲል «ታዘዝ፣ አለዚያ ትባረራለህ» ለማለት ይወረወራል። አባባሉ ውስጥ ግን አለቃ የለም። «ብለው ይጥሉሃል» የተባሉት ገበያተኞች ናቸው።

ምንጩ ወንጌል ነው የሚሉ አሉ፤ «ጨው አልጫ ቢሆን» የሚለውን ይጠቅሳሉ። ዝምድናው አይካድም። ነገር ግን በዚያ ቃል ውስጥ ድንጋይ የሚባል ነገር የለም። ጨውና ድንጋይ ሊምታቱ የሚችሉት ጨው ተጠርቦ በሚሸጥበት አገር ነው፤ ስለዚህ አባባሉን የወለደው እንደ ገንዘብ ያገለግል የነበረው የተጠረበ ጨው፣ የአሞሌ ገበያ ነው ባይ ነኝ።

አሞሌ የሚመጣው ከአፋር ዝቅተኛ የጨው ሜዳ፣ ከአርሆ ነው። የረጋው ጨው በእንጨት እየተፈነቀለ በሰፋፊው ይነሳል፤ ከዚያ ተጠርቦ ከስንዝር ትንሽ የሚበልጥ የቢላ መሳያ ድንጋይ ይመስላል። ገንዘብ በነበረበት ዘመን በግመል ወደ ደጋው ይወጣ፣ ከዚያም በአጋሰስና በአህያ ከገበያ ገበያ ይሻገር ነበር። ጠርዙ እንዳይሸረፍ ዙሪያውን ይታሰር ነበር፤ የተሸረፈ አሞሌ በሙሉ ዋጋው አያልፍም ነበር። ክረምት ሲገባ እርጥበት እየሳበ ስለሚሟሟ ጭስ በሚያገኘው ቦታ፣ ከምድጃው በላይ ይቀመጥ ነበር። ከአርሆ በራቀ መጠን ዋጋው ይጨምር ነበር።

የአሞሌ ዋስትና የንጉሥ ማኅተም አልነበረም። ገበያ ላይ ያልተቀበሉት እንደሆነ ወጥ ውስጥ ይገባ ነበር። ጣዕሙ ነው ገንዘብ ያደረገው። ጣዕም ከሌለው፣ ማንም ቢያዝለት፣ ከድንጋይ አይለይም።

ይህን ሕግ የቅኝ ገዢ መንግሥትም ሊሽረው አልቻለም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ጣልያን በ1885 ምጽዋን ያዘ፤ በ1890 ኤርትራን ቅኝ ግዛቱ አድርጎ አወጀ። ወደቡ፣ ጉምሩኩና የመርከቡ ጭነት በእጁ ገባ። አልገዛ ያለው በዚያው ባሕር የሚመጣው ጠገራ ብር ነው። የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ ምስል ያለበት ይህ ብር የሚመታው ቪየና ነበር፤ ያኔ በኦስትሪያ ሥር ከነበረው ከትሪየስቴ ወደብ በመርከብ ይጫን ነበር። ንግሥቲቱ በ1780 ብትሞትም ዓመቱ ሳይለወጥ መመታቱን ቀጠለ። ክብደቱ 28.07 ግራም ነው፤ ከሺህ 833 እጁ ንጹሕ ብር ነው፣ ማለትም 23.4 ግራም ያህል። ተቀባዩ በዘውዷና በትከሻዋ ጌጥ ላይ ያሉትን ፈርጦች አንድ በአንድ ያያል፤ ተሞርዶ እንደሆነም የዙሪያው ጽሑፍ ያጋልጣል።

ጣልያን ይህን ለመተካት በ1890ዎቹ የንጉሡ የኡምቤርቶ ምስል ያለበት «ታለሮ» የተባለ ብር አስመታ። ክብደቱ 28.125 ግራም ሲሆን ከሺህ 800 እጁ ብር ነው። ሚዛን ላይ ሲቀመጥ ከጠገራው በጥቂቱ ይበልጣል፤ ውስጡ ያለው ብር ግን 22.5 ግራም ብቻ፣ ወደ አንድ ግራም የሚጠጋ ጉድለት ነው። መንግሥት ቢያዝም ገበያው ጠገራውን አልለቀቀም።

ሁለተኛው ሙከራ ይበልጥ ያስተምራል። ጣልያን በ1915 ከኦስትሪያ ጋር ጦርነት ስትገባ የትሪየስቴ መንገድ ተዘጋ። በ1918 ሮም ላይ የሴት ምስል ያለበት፣ ጠገራውን እንዲመስል የታሰበ ሌላ ታለሮ ተመታ። ክብደቱ ከጠገራው እኩል ነው፤ ብሩም ከሺህ 835፣ እንዲያውም በጥቂቱ የተሻለ ነው። እሱም እንደታሰበው አልሄደም። እዚህ ላይ ጣዕም ማለት ይዘት ብቻ እንዳልሆነ ይታያል፤ ቀማሹ የለመደውና ያመነው መሆን አለበት። የእኛው የምኒልክ ብርም ፓሪስ ተመትቶ ሲመጣ ከጠገራው ጋር መፎካከር ከብዶት ነበር፤ ስለዚህ ጉዳዩ የባዕድ ጥላቻ ብቻ አይደለም።

ባንኩም ከዚህ አላመለጠም። የአቢሲኒያ ባንክ በ1905 በተሰጠ ውል ተቋቁሞ በ1906 አዲስ አበባ ላይ ሥራ ጀመረ። ባለውሉ የግብፅ ብሔራዊ ባንክ ነበር፤ ግብፅ ደግሞ ያኔ በእንግሊዝ እጅ ናት። የባንክ ኖት የማውጣት ብቸኛ መብት በውሉ ተሰጠው። መብቱ ቢኖርም ባላገሩ እህሉንና ከብቱን ሲሸጥ በእጁ የሚመዝነውን ጠገራ ይጠይቅ ነበር። ባንኩ በ1931 ተገዝቶ የኢትዮጵያ ባንክ ሆነ።

ከዚያ በ1935 ጣልያን ለወረራ ስትሰናዳ ምን አደረገች? የጠገራውን መምቻ ቅርጽ ከቪየና ወስዳ ራሷ ሮም ላይ የማሪያ ቴሬዛን ብር መምታት ጀመረች። ወደብ፣ መርከብ፣ ባንክና ጦር ያለው መንግሥት የሌላ አገር ሙት ንግሥት ምስል ያተመው፣ ከዚያ ውጭ የሚቀበለው ስላልነበረ ነው።

እንግዲህ አባባሉን ለማስፈራሪያ የምታውሉ ሰዎች፣ ያለ ቦታው ነው የምታስገቡት። በዚህ አነጋገር ጨው የሚባለው ሹሙም ጭምር ነው፤ ታለሮው የንጉሥ መልክ ነበረበት። ታዘዝ ማለት ለፈለገ «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚል አለለት፤ ይህኛውን ለገበያተኛው ይተውለት።