አፕጋር ስኮር ምንድን ነው?

ባሕር ዳር ውስጥ ወልዳ ከሆስፒታል የወጣች እናት ወረቀቷ ላይ «አፕጋር 7/9» የሚል ጽሑፍ ልታይ ትችላለች። «ልጄ ከዘጠኝ ሰባት ነው ያመጣው?» ብላ ብትደነግጥ አይፈረድባትም። ግን እንደዚያ አይደለም። አፕጋር ስኮር ሕፃኑ እንደተወለደ ያለበትን ሁኔታ ለማየት የሚሰጥ ነጥብ ነው። 7 የተሰጠው ሕፃኑ በተወለደ በ1ኛው ደቂቃ ነው፤ 9 ደግሞ በ5ኛው ደቂቃ። ሁለቱም የሚታሰቡት ከ10 ነው። እንዲያውም ጥሩ ውጤት ነው።

ዘዴውን በ1952 እ.ኤ.አ. ያወጡት አሜሪካዊቷ የሰመመን ሐኪም ዶክተር ቨርጂኒያ አፕጋር ናቸው። የሚታዩት አምስት ነገሮች ናቸው፦ የልብ ምት፣ አተነፋፈስ፣ የጡንቻ ጥንካሬ፣ ሲነኩት የሚሰጠው ምላሽና የቆዳ ቀለም። ለእያንዳንዱ 0፣ 1 ወይም 2 ይሰጣል።

የልብ ምቱን ለማወቅ አዋላጇ እትብቱን ከሆዱ ሥር በጣቶቿ ያዝ ታደርጋለች፤ ወይም ደረቱን በማዳመጫ ታዳምጣለች። ለ6 ሴኮንድ ትቆጥርና በ10 ታባዛለች። 12 ጊዜ ከመታ በደቂቃ 120 ነው ማለት ነው። ከ100 በላይ ከሆነ 2፣ ከዚያ በታች 1፣ ጭራሽ ከሌለ 0። ጮክ ብሎ ካለቀሰ ለአተነፋፈሱ 2 ያገኛል። እጅና እግሩን አጥፎ ከተወራጨም ጡንቻው ደህና ነው፤ ዝልፍልፍ ካለ ግን ያሳስባል።

ቀለሙ ትንሽ ያታልላል። የኛን ልጆች ቆዳ ብቻ አይቶ መፍረድ ስለማይቻል ከንፈር፣ ምላስና ድድ መታየት አለባቸው። መዳፍና የውስጥ እግር መጀመሪያ ላይ ሰማያዊ ቢሆኑ የተለመደ ነው። ጤነኛ ሕፃን በ1ኛው ደቂቃ 10 ከ10 የማያገኘው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

በ5ኛው ደቂቃ 7ና ከዚያ በላይ ካገኘ ያረጋጋል። ከ7 ካነሰ በየ5 ደቂቃው እስከ 20ኛው ደቂቃ ድረስ እንደገና ይታያል። ጊዜው ሳይደርስ የተወለደ ልጅ ግን ሳይታመምም ነጥቡ ዝቅ ሊል ይችላል፤ ጡንቻው ገና አልጠነከረማ።

አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። እርዳታ ነጥብ አይጠብቅም። ሕፃኑ እንደወጣ ተጠርጎ እንዲደርቅ ይደረጋል፤ የባሕር ዳር ሙቀት እንኳ እርጥብ ሕፃንን ከብርድ አያድነውም። ጀርባው ይታሻል። ካልተነፈሰ 1ኛው ደቂቃ ሳያልቅ በአምቡ ባግ (በእጅ እየተጨመቀ አየር በሚገፋ ከረጢት) አየር ይሰጠዋል። ለዚህ ነው ጣና ሐይቅ ውስጥ ካለችው ደቅ ደሴት ጀልባ ተሳፍራ የምትመጣ እናት ምጡ ሳይጀምራት መጥታ ጤና ተቋም አጠገብ ብትቆይ የምለው። ያቺ አንዲት ደቂቃ ሐይቅ ላይ ካለቀች ማን ይደርስላታል?

ደግሞ ቁጥሩ ስለ ልጁ ጭንቅላት የሚናገረው ነገር የለም። በ1ኛው ደቂቃ 4 አግኝቶ በ5ኛው 8 የደረሰ ልጅ ሲያድግ ትምህርት አይገባውም ማለት አይደለም። በ5ኛው ደቂቃና ከዚያም በኋላ በጣም ዝቅ ብሎ ከቆየ ግን ክትትል ያስፈልገዋል። ስለዚህ «አምስተኛው ደቂቃ ላይ ስንት ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። መብታችሁ ነው።

9 ወይም 10 ማግኘቱም ለነገ ዋስትና አይሆንም። ቤት ከገባ በኋላ ጡት አልጠባም ካለ፣ ትንፋሹ ከፈጠነ፣ ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ ከገባ፣ ሰውነቱ ካተኮሰ ወይም ከቀዘቀዘ፣ ወይም ካንቀጠቀጠው፣ የወረቀቱን ቁጥር ተዉትና ሕፃኑን ይዛችሁ ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ።